የፈነዳ የአንጎል አንዩሪዝም ሕክምና

የፈነዳ የአንጎል አንዩሪዝም በአንጎል ደም ቅዳ ቧንቧ ግድግዳ ላይ ያበጠ ስስ ቦታ ድንገት ተቀዶ ደም በአንጎል ዙሪያ ሲፈስ የሚፈጠር አጣዳፊ ሕመም ነው። ከስትሮክ ዓይነቶች አንዱ ነው። ከሁሉም ስትሮኮች ውስጥ ድርሻው 5 በመቶ ገደማ ብቻ ቢሆንም፣ ብዙ ጊዜ የሚያጠቃው ከ40 እስከ 60 ዓመት ያሉ ገና በሥራ ላይ ያሉ ሰዎችን በመሆኑ የሚያስከትለው ጉዳት ከቁጥሩ ይበልጣል።

የሕክምናው ዓላማ ሁለት ነው። የመጀመሪያው የተቀደደው ቦታ ዳግም እንዳይደማ መዝጋት ሲሆን፣ ሁለተኛው የፈሰሰው ደም በቀጣዮቹ ሳምንታት በአንጎል ላይ የሚያስከትለውን ጉዳት መከላከል ነው። ለመዝጋት ሁለት ዋና መንገዶች አሉ። አንደኛው የራስ ቅልን ከፍቶ አንዩሪዝሙን በክሊፕ መቆንጠጥ፣ ሁለተኛው ደግሞ በደም ቧንቧ ውስጥ በቀጭን ቱቦ ገብቶ ኮይል በሚባል ጥምዝ ሽቦ መሙላት ነው። በኢትዮጵያ ሕክምናው የሚሰጠው በዋናነት በአዲስ አበባ ባሉ ሆስፒታሎች ነው። ስለዚህ እንደ ወልቂጤና ቡታጅራ ካሉ ከተሞች ለሚመጣ ሕመምተኛ፣ ውጤቱ በቀዶ ሐኪሙ እጅ ብቻ ሳይሆን ሕመሙ በታወቀበትና ወደ ሆስፒታል በተደረሰበት ፍጥነትም ይወሰናል።

አንዩሪዝም ምንድን ነው?

አንጎል ደም የሚያገኘው በአንገት ፊትና ኋላ ከሚወጡ አራት ትልልቅ ደም ቅዳ ቧንቧዎች ነው። እነዚህ ቧንቧዎች በአንጎል ሥር ተገናኝተው የዊሊስ ክብ የሚባል ቀለበት ይሠራሉ። አንዩሪዝም በአብዛኛው የሚፈጠረው በዚህ ቀለበት ላይ፣ ቧንቧዎች ለሁለት በሚከፈሉበት ቦታ ነው። በዚያ ቦታ የደሙ ግፊት ግድግዳውን ደጋግሞ ይመታዋል፤ የግድግዳው መካከለኛ የጡንቻ ንብርብር ሲደክም ግድግዳው ወደ ውጭ ያብጥና አንገት ያለው ትንሽ ከረጢት ይሆናል። ያረጀ የመኪና ጎማ ከመፈንዳቱ በፊት በጎኑ እንደሚያብጠው ማለት ነው።

ከ100 አዋቂዎች መካከል 3 ያህሉ ያልፈነዳ አንዩሪዝም እንዳላቸው ይገመታል። አብዛኞቹ ምንም ሳይሰማቸው ዕድሜያቸውን ይጨርሳሉ። የመፈንዳት ዕድልን የሚጨምሩት ዋና ዋና ምክንያቶች የደም ግፊት፣ ሲጋራ ማጨስ፣ ከመጠን ያለፈ አልኮል፣ በቤተሰብ ውስጥ ተመሳሳይ ሕመም መኖር፣ የአንዩሪዝሙ መጠንና የሚገኝበት ቦታ ናቸው። በዘር የሚተላለፍ ኩላሊትን በውኃ ከረጢት የሚሞላ በሽታ ያለባቸው ሰዎችም ለአንዩሪዝም የተጋለጡ ናቸው። ሴቶች ከወንዶች ይበልጥ ይያዛሉ።

ሲፈነዳ ደሙ የሚፈሰው አንጎልን ከሸፈኑት ስስ ሽፋኖች መካከል ባለው ፈሳሽ በሚገኝበት ክፍተት ውስጥ ነው። ይህም ሰብአራክኖይድ ደም መፍሰስ ይባላል። አንዳንዴ ደሙ ወደ አንጎል ሥጋ ወይም ወደ አንጎል የፈሳሽ ጎድጓዳዎች ዘልቆ ይገባል።

ምልክቶችና ከሌሎች በሽታዎች ጋር መምታታት

ዋናው ምልክት በሰከንዶች ውስጥ ከፍተኛ ደረጃ ላይ የሚደርስ የራስ ምታት ነው። ሕመምተኞች ብዙ ጊዜ በሕይወታቸው ገጥሟቸው የማያውቅ፣ መብረቅ የመታቸው ያህል የከፋ ራስ ምታት እንደነበር ይናገራሉ። ከእሱ ጋር የሚከተሉት ሊታዩ ይችላሉ፦

• ማስመለስ
• የአንገት መገተርና ብርሃን መጥላት
• ለጊዜው ወይም ለረጅም ሰዓት ራስን መሳት
• መንቀጥቀጥ
• የአንድ ዓይን ሽፋን መውደቅና የዓይን ብሌን መስፋት
• የአንድ ጎን እጅና እግር መድከም ወይም የንግግር መያዝ

አንዳንድ ሰዎች ከትልቁ መፍሰስ ቀናት ወይም ሳምንታት ቀደም ብሎ ትንሽ ደም ፈሷቸው ድንገተኛ ራስ ምታት ይይዛቸዋል፤ ሲሻላቸውም ይተዉታል። ይህ የማስጠንቀቂያ ራስ ምታት ከታወቀ ሕመምተኛው ገና በደህና ሁኔታ ላይ እያለ መታከም ይችላል።

በኢትዮጵያ ይህ ሕመም ከሌሎች ብዙ ሕመሞች ጋር ይምታታል። ድንገት ራሱን ያመመው ሰው ምች መታው ተብሎ ዳማከሴ ተጨምቆ ሊሰጠው ይችላል። በጤና ተቋምም የአንገት መገተርና ማስመለስ የማጅራት ገትር፣ የወባ ወይም የታይፎይድ ምልክት ተደርጎ ሊወሰድ ይችላል። ልዩነቱን ለማወቅ የሚረዳው ዋና ጥያቄ ሕመሙ እንዴት ጀመረ የሚለው ነው። ማጅራት ገትር በአብዛኛው ከትኩሳት ጋር በሰዓታት ወይም በቀናት እየከፋ ይመጣል። የአንዩሪዝም መፈንዳት ግን ሰውየው ምን እየሠራ እንደነበረ ለይቶ እስኪናገር ድረስ ጅማሬው የታወቀ ነው።

ምርመራ

የመጀመሪያው ምርመራ የጭንቅላት ሲቲ ስካን ነው። ራስ ምታቱ ከጀመረ በ6 ሰዓት ውስጥ በዘመናዊ መሣሪያ ከተነሳና በሠለጠነ ባለሙያ ከተነበበ መድማቱን ሳያሳይ የሚቀረው እጅግ ጥቂት ጊዜ ነው። ቀናት ባለፉ ቁጥር ደሙ እየሟሟ ስለሚሄድ በፊልሙ ላይ የመታየቱ ዕድል ይቀንሳል። ስለዚህ ዘግይቶ የመጣ ሕመምተኛ ሲቲ ስካኑ ንጹሕ ቢሆንም ከጀርባው ፈሳሽ ተወስዶ ይመረመራል። ፈሳሹ ደም ወይም ከተሰባበረ ደም የመጣ ቢጫነት ካለው ጥርጣሬው ይጠናከራል።

ደም መፍሰሱ ከተረጋገጠ በኋላ የትኛው ቧንቧ እንደተቀደደ መታወቅ አለበት። ለዚህም ቀለም በደም ሥር ተሰጥቶ የሚነሳ ሲቲ አንጂዮግራፊ ይሠራል። ይበልጥ ጥርት ያለ ምስል የሚሰጠው በብሽሽት ወይም በእጅ አንጓ በኩል ካቴተር ገብቶ የሚነሳው አንጂዮግራፊ ነው። ቀዶ ሐኪሙ ከዚህ ምስል የአንዩሪዝሙን መጠን፣ የአንገቱን ስፋትና ከጎኑ የሚወጡትን ትንንሽ ቧንቧዎች ያጠናል።

የሕመሙ ክብደት የሚለካው በመመዘኛዎች ነው። ሀንትና ሄስ እ.ኤ.አ. በ1968 ያወጡት መመዘኛ ከ1 እስከ 5 ደረጃዎች አሉት። ደረጃ 1 ቀላል ራስ ምታት ብቻ ያለበት፣ ደረጃ 5 በጥልቅ ራሱን የሳተ ሕመምተኛ ነው። የዓለም የነርቭ ቀዶ ሐኪሞች ፌዴሬሽን መመዘኛም በንቃት መጠን ላይ የተመሠረተ ነው። ሕመምተኛው ሆስፒታል ሲደርስ ያለበት ደረጃ ስለ ውጤቱ አስቀድመው ከሚጠቁሙ ነገሮች ሁሉ ጠንካራው ነው።

የቀዶ ሕክምናው ታሪክ

እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ድረስ አንዩሪዝም የሚታወቀው በአብዛኛው በአስከሬን ምርመራ ነበር። ፖርቱጋላዊው ኤጋስ ሞኒዝ እ.ኤ.አ. በ1927 የአንጎል አንጂዮግራፊን ካስተዋወቀ በኋላ በሕይወት ባለ ሰው ላይ ማየት ተቻለ። እ.ኤ.አ. በ1931 በኤድንብራ ኖርማን ዶት የተባለ ቀዶ ሐኪም የፈነዳ አንዩሪዝምን ከሕመምተኛው ጭን በተወሰደ ጡንቻ ጠቅልሎ ደሙን አቆመ፤ ሕመምተኛውም ዳነ። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1937 ደግሞ ዋልተር ዳንዲ በባልቲሞር ጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል የአንዩሪዝምን አንገት በብር ክሊፕ ዘጋ። የዛሬው ቀዶ ሕክምና የተመሠረተው በዚህ ሐሳብ ላይ ነው።

ቀጣዩ ትልቅ ለውጥ የመጣው በ1960ዎቹ የቀዶ ሕክምና ማይክሮስኮፕ ሥራ ላይ ሲውል ነው። ቱርካዊው ጋዚ ያሳርጊል በዙሪክ ያዳበረው የማይክሮስኮፕ ቀዶ ሕክምና አንጎልን ሳይጎዱ በተፈጥሮ ክፍተቶቹ በኩል ወደ ቧንቧዎቹ መድረስን አስቻለ።

በቧንቧ ውስጥ ገብቶ ማከም በሞስኮ በፊዮዶር ሰርቢኔንኮ የፊኛ ካቴተር ተጀምሮ፣ እ.ኤ.አ. በ1990 በሎስ አንጀለስ ጣሊያናዊው ጉዊዶ ጉሊዬልሚ በመጀመሪያው ሕመምተኛ ላይ በተጠቀመበት ከካቴተሩ በኤሌክትሪክ በሚላቀቅ የፕላቲነም ኮይል አዲስ ደረጃ ላይ ደረሰ። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ኮይሉን እ.ኤ.አ. በ1995 ፈቀደ።

በክሊፕ መዝጋት

ሕመምተኛው ሙሉ ሰመመን ይሰጠዋል። አብዛኞቹ አንዩሪዝሞች በአንጎል የፊት ክፍል ቧንቧዎች ላይ ስለሆኑ ብዙ ጊዜ የሚመረጠው መግቢያ ከጆሮ ፊት ተነስቶ ከፀጉር መስመር ጀርባ ወደ ግንባር በሚዞር ቅስት የሚከፈተው ነው። ቆዳውና ጡንቻው ከተገለጠ በኋላ የራስ ቅል አጥንቱ በክዳን መልክ ተቆርጦ ይነሳል። ቀጥሎ ጠንካራው የአንጎል ሽፋን ይከፈታል።

ከዚህ በኋላ ሥራው በማይክሮስኮፕ ሥር ይቀጥላል። ቀዶ ሐኪሙ የአንጎልን ሥጋ አይቆርጥም፤ በግንባርና በጎን የአንጎል ክፍሎች መካከል ያለውን የተፈጥሮ ስንጥቅ እየፈለቀቀ ወደ ሥሩ ይወርዳል። በመንገዱ ላይ የአንጎል ፈሳሽ እንዲወጣ ያደርጋል፤ ያበጠው አንጎልም ትንሽ ይላላል። ወደ አንዩሪዝሙ ከመቅረቡ በፊት ደም የሚያመጣውን ዋና ቧንቧ ያገኛል። በሥራው መካከል አንዩሪዝሙ ዳግም ቢፈነዳ ጊዜያዊ ክሊፕ በዚያ ቧንቧ ላይ አድርጎ ደሙን ማቆም የሚችለው ይህን አስቀድሞ ካዘጋጀ ብቻ ነው።

በመጨረሻ ስፕሪንግ ያለው ትንሽ የቲታኒየም ክሊፕ በአንዩሪዝሙ አንገት ላይ ይደረጋል። ክሊፑ ከረጢቱን ከደም ዝውውር ሲለይ ዋናውን ቧንቧና ከጎኑ የሚወጡትን ቅርንጫፎች መቆንጠጥ የለበትም። የፀጉር ያህል የቀጠነ አንድ ቅርንጫፍ ቢዘጋ ሕመምተኛው ሽባ ሆኖ ሊነቃ ይችላል። የደም ፍሰቱ በትንሽ ዶፕለር ወይም በሚያበራ ቀለም ይረጋገጣል፤ ከዚያ አጥንቱ ወደ ቦታው ይመለሳል። ክሊፑ ለዕድሜ ልክ እዚያው ይቀራል። የዛሬዎቹ የቲታኒየም ክሊፖች ኤምአርአይ ለመነሳት አያግዱም፤ የድሮ የብረት ክሊፖች ግን አደገኛ ስለሆኑ የክሊፑ ዓይነት በሕክምና ማስረጃ ላይ መመዝገብ አለበት።

በኮይል መሙላት

በዚህ ዘዴ የራስ ቅል አይከፈትም። ካቴተር ከብሽሽት ወይም ከእጅ አንጓ ተነስቶ በራጅ እየታየ እስከ አንጎል ይደርሳል። ከውስጡ ይበልጥ ቀጭን ካቴተር ወደ አንዩሪዝሙ ይገባና የፕላቲነም ኮይል አንድ በአንድ ይሞላበታል። በኮይሉ ዙሪያ ደሙ ረግቶ ከረጢቱ ይደፈናል። አንገታቸው ሰፊ ለሆኑ አንዩሪዝሞች ፊኛ ወይም ስቴንት በተጨማሪ ይረዳል።

ሕመምተኛው ቶሎ ያገግማል። በአንጻሩ ኮይሉ ከጊዜ በኋላ ሊጨመቅና ከረጢቱ እንደገና ሊከፈት ስለሚችል ተደጋጋሚ የክትትል ምስል ያስፈልጋል። የአንጂዮግራፊ ክፍል፣ በዘርፉ የሠለጠነ ባለሙያና ለአንድ ሕመምተኛ ብዙ ሆነው የሚያስፈልጉ ውድ ኮይሎችም የግድ ናቸው።

የሁለቱ ዘዴዎች ንጽጽር

ሁለቱን ዘዴዎች ያነጻጸረው ታዋቂው ጥናት ላንሴት በተባለው መጽሔት እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመው ዓለም አቀፍ የሰብአራክኖይድ አንዩሪዝም ሙከራ ነው። በዋናነት በብሪታንያና በሌሎች የአውሮፓ አገሮች የታከሙ 2,143 ሕመምተኞች ተሳትፈውበታል። ከአንድ ዓመት በኋላ የሞቱ ወይም የሰው ጥገኛ የሆኑት በኮይል ከታከሙት 24 በመቶ ገደማ፣ በክሊፕ ከታከሙት 31 በመቶ ገደማ ነበሩ። በኋላ ከነዚሁ ሕመምተኞች በተሰበሰበ መረጃ፣ ኮይል ከተደረገላቸው ዳግም የደማባቸው በቁጥር ጥቂት ቢሆኑም ክሊፕ ከተደረገላቸው ይበልጡ ነበር። በአሜሪካ ፊኒክስ የተደረገ ሌላ ጥናት ደግሞ በመጀመሪያው ዓመት የታየው ልዩነት በቀጣዮቹ ዓመታት እንደጠበበ አሳይቷል።

ይህን ውጤት ወደ ሌላ አገር ሲወስዱ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በመጀመሪያው ጥናት የተካተቱት ሐኪሞቻቸው በሁለቱም መንገድ ሊታከሙ ይችላሉ ያሏቸው ሕመምተኞች ናቸው፤ አብዛኞቹም በደህና ደረጃ ላይ የነበሩ ነበሩ። ጥያቄው የቀረበውም ሁለቱም ዘዴዎች በአንድ ሆስፒታል ባሉበት ቦታ ነው። ኮይል በሌለበት ቦታ ምርጫው በክሊፕ መዝጋት ወይም ሳይዘጋ መተው ይሆናል። በዚህ ንጽጽር ደግሞ ክሊፕ በግልጽ ይበልጣል።

ሁለቱም ባሉበት ቦታ ምርጫው እንደ ሁኔታው ይለያያል። በመካከለኛው የአንጎል ደም ቅዳ ቧንቧ ላይ ላለ አንዩሪዝምና ትልቅ የረጋ ደም መውጣት ሲኖርበት ክሊፕ ይመረጣል። ለአረጋውያንና በአንጎል ኋላ ክፍል ላለ አንዩሪዝም ደግሞ ኮይል ይመረጣል።

ከመዝጋት በፊትና በኋላ ያለው እንክብካቤ

ያልተዘጋ አንዩሪዝም ዳግም የመድማት ዕድሉ ከፍተኛ የሚሆነው በመጀመሪያው 24 ሰዓት ነው። ዳግም ከደማባቸው ሕመምተኞች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ይሞታሉ። ስለዚህ የሕክምና መመሪያዎች አንዩሪዝሙ በተቻለ ፍጥነት፣ ቢቻል በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲዘጋ ይመክራሉ። እስከዚያው የደም ግፊቱ ከመጠን በላይ እንዳይወጣ መቆጣጠር፣ ሕመምና ማስመለስን ማስታገስ፣ ሕመምተኛውንም በጸጥታ ማሳረፍ ያስፈልጋል።

አንዩሪዝሙ ተዘጋ ማለት አደጋው አለፈ ማለት አይደለም። ከፈሰሰው ደም የተነሳ ከ4ኛው እስከ 14ኛው ቀን ባለው ጊዜ የአንጎል ቧንቧዎች ይኮማተራሉ። በዚህ ምክንያት በደህና የነቃ ሕመምተኛ በሳምንቱ ንግግሩ ሊያዝ ወይም ጎኑ ሊደክም ይችላል። ለመከላከያ የሚሰጠው መድኃኒት ኒሞዲፒን ሲሆን በየ4 ሰዓቱ 60 ሚሊግራም ለ21 ቀናት በአፍ ወይም በአፍንጫ በገባ ቱቦ ይሰጣል። በብሪታንያ 554 ሕመምተኞችን ያካተተና እ.ኤ.አ. በ1989 የታተመ ጥናት፣ በደም እጥረት የሚመጣው የአንጎል ጉዳት መድኃኒቱን በወሰዱት ላይ 22 በመቶ፣ ባልወሰዱት ላይ 33 በመቶ እንደነበር አሳይቷል። ዋጋው ከኮይል ጋር የማይነጻጸር ክኒን ይህን ያህል ልዩነት ማምጣቱ የመሣሪያ እጥረት ላለበት አገር ትልቅ ትርጉም አለው።

ሌላው ችግር ደሙ የአንጎል ፈሳሽ መውረጃውን ሲዘጋና ፈሳሹ ሲከማች የሚፈጠረው ሃይድሮሴፋለስ ነው። ንቃቱ እየቀነሰ የሚሄድ ሕመምተኛ ፈሳሹ በቱቦ ወደ ውጭ ሲወጣለት በሰዓታት ውስጥ ሊነቃ ይችላል። የሶዲየም መቀነስ፣ መንቀጥቀጥና የሳንባ ኢንፌክሽንም ክትትል ይፈልጋሉ። ለዚህ ሁሉ የጽኑ ሕሙማን ክፍልና ሌሊቱን ሙሉ የዓይን ብሌንና ንቃት የሚመረምሩ ነርሶች ያስፈልጋሉ።

የሕመምተኞች ውጤት

ውጤት የሚለካው በሕይወት በመቆየት ብቻ አይደለም። በብዛት የሚሠራበት የተሻሻለው ራንኪን መለኪያ ከ0 እስከ 6 ይደርሳል፤ 0 ምንም ምልክት የሌለበት፣ 6 የሞተ ማለት ነው። ከ0 እስከ 2 ያሉት ራሳቸውን ችለው የሚኖሩ ናቸው።

በዓለም ደረጃ አንዩሪዝም ከፈነዳባቸው ሰዎች ከ10 እስከ 15 በመቶ የሚሆኑት ሆስፒታል ሳይደርሱ ይሞታሉ። በአጠቃላይ ከሦስት ሰዎች አንዱ ገደማ ሕይወቱን ያጣል። ከተረፉት ብዙዎቹ በመልክ ሙሉ በሙሉ የዳኑ ቢመስሉም የማስታወስ ችግር፣ ፈጣን ድካም፣ የእንቅልፍ መዛባትና ድባቴ ለወራት ወይም ለዓመታት ሊቀሩባቸው ይችላሉ። ሱቁን ይመራ የነበረ ነጋዴ ሒሳብ ሊምታታበት ይችላል፤ ቤተሰቡ ግን እጅና እግሩ ደህና ስለሆነ ስንፍና ሊመስለው ይችላል። ይህ የሕመሙ ቅሪት መሆኑን አስቀድሞ ለቤተሰብ ማስረዳት የማገገሚያው ክፍል ነው።

የሆስፒታል ውጤቶችን ሲያነቡ ሕመምተኞቹ በስንተኛው ቀን እንደታከሙ ማየት ያስፈልጋል። ሕመምተኞች ከሩቅ በሚመጡባቸውና በመጀመሪያው ሳምንት መጨረሻ ወይም ከዚያ በኋላ በሚታከሙባቸው ሆስፒታሎች፣ ቀዶ ሕክምና ጠረጴዛ ላይ የሚደርሱት የመጀመሪያውን መድማትም ዳግም መድማትንም ያመለጡት ናቸው። በጣም የታመሙት በቤታቸው፣ በወረዳ ሆስፒታል ወይም በመንገድ ላይ አልፈዋል። ስለዚህ ከቀዶ ሕክምና በኋላ የሚመዘገበው ውጤት ጥሩ ቢሆንም፣ በአካባቢው ያለውን የበሽታውን ሙሉ ጉዳት አያሳይም።

በኢትዮጵያ

በኢትዮጵያ ለረጅም ጊዜ የነርቭ ቀዶ ሐኪሞች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። በአገር ውስጥ የስፔሻሊቲ ሥልጠና የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2006 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ነው። ሥልጠናው ከኖርዌይ በርገን ዩኒቨርሲቲና ዓለም አቀፍ የነርቭ ቀዶ ሕክምና ትምህርትን ከሚደግፍ ፋውንዴሽን ጋር በመተባበር፣ በጥቁር አንበሳ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታልና በተለምዶ ኮሪያ ሆስፒታል በሚባለው ሚዩንግሰንግ ክርስቲያን ሜዲካል ሴንተር ተካሂዷል። ዘውዲቱ መታሰቢያ ሆስፒታልም በኋላ የዚህ አካል ሆኗል። የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሜዲካል ኮሌጅና በሥሩ ያለው አቤት ሆስፒታልም የነርቭ ቀዶ ሕክምና ይሰጣሉ። ከሥልጠናው የወጡ ሐኪሞች ከአዲስ አበባ ውጭ ባሉ ሪፈራል ሆስፒታሎችም መሥራት ጀምረዋል።

አዳዲሶቹ ክፍሎች በብዛት የሚያክሙት የጭንቅላት አደጋ፣ የአንጎል ዕጢና የሕፃናት ሃይድሮሴፋለስን ነው። አንዩሪዝም ግን ማይክሮስኮፕ፣ የተለያየ ቅርጽ ያላቸው ክሊፖችና ልምድ ያለው ቡድን ስለሚፈልግ በጥቂት ማዕከላት ተወስኖ ቆይቷል። በእነዚህ ማዕከላት ዋናው የመዝጊያ መንገድ ክሊፕ ነው።

ከወልቂጤና ከቡታጅራ እስከ አዲስ አበባ

ወልቂጤ የጉራጌ ዞን ዋና ከተማ ስትሆን ከአዲስ አበባ በጅማ መንገድ 155 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። ቡታጅራ በዓለም ገና፣ ጢያና ቡኢ በሚያልፈው የሆሳዕና መንገድ ላይ ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ትገኛለች፤ ማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል በ2015 ዓ.ም. ከተመሠረተ ወዲህ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን ዋና ከተማ ናት። በአካባቢው ካሉት ሆስፒታሎች መካከል የቡታጅራ ሆስፒታል፣ የወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታልና እ.ኤ.አ. በ1969 በካቶሊክ የሕክምና ሚሲዮን እህቶች የተመሠረተው የአጣጥ ሆስፒታል ይገኛሉ።

ርቀቱ በመኪና የጥቂት ሰዓታት ነው። ስለዚህ በካርታ ላይ ሲታይ አንዩሪዝምን በ24 ሰዓት ውስጥ መዝጋት የማይቻል አይደለም። ጊዜው የሚባክነው በመንገዱ ርዝመት ሳይሆን በየመሸጋገሪያው ነው። መጀመሪያ ራስ ምታቱ ያልፋል ተብሎ በቤት ይጠበቃል። ከዚያ ጤና ጣቢያ ለሌላ በሽታ መድኃኒት ተሰጥቶ ይመለሳል። ሆስፒታል ሲደርስ ሪፈር ይጻፋል፤ መኪና፣ ገንዘብና አስታማሚ ይፈለጋል። አዲስ አበባ ከደረሰም በኋላ አልጋ፣ አንጂዮግራፊ፣ የጽኑ ሕሙማን ክፍልና የቀዶ ሕክምና ተራ ይጠበቃል። ብዙ የጉራጌ ቤተሰቦች በአዲስ አበባ ዘመድ ስላላቸው አስታማሚ ማረፊያ ማግኘቱና ደም የሚለግስ ሰው መገኘቱ ይቀላል፤ ዘመድ የሌለው ግን ይህም ሌላ ሸክም ይሆንበታል።

በአካባቢ ሆስፒታል የሚሠራ ሐኪም ቀዶ ሕክምናውን ባይሠራም በውጤቱ ላይ ትልቅ ድርሻ አለው። ድንገተኛ ከባድ ራስ ምታትን ሲሰማ አንዩሪዝምን መጠርጠር፣ ሲቲ ስካን ወዳለበት ቦታ ሳይዘገይ መላክ፣ ለሚቀበለው ሆስፒታል አስቀድሞ መደወል፣ የደም ግፊቱን መቆጣጠርና ሕመሙ የጀመረበትን ሰዓት በሪፈር ወረቀቱ ላይ መጻፍ ይችላል። በጉዞ ላይ የሕመምተኛው ራስ ትንሽ ቀና ይደረጋል። ራሱን ከሳተ በጎኑ ይተኛል፤ በአፉም ምንም አይሰጠውም። ደም መፍሰስ አለመኖሩ በሲቲ ስካን ሳይረጋገጥ አስፕሪን መስጠት ደም የመርጋት አቅምን ስለሚቀንስ አይመከርም። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር አምቡላንስ ስልክ ቁጥር 907 ነው።

ቡታጅራ በጤና ምርምር ታሪክ የታወቀች ከተማ ናት። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከስዊድኑ ኡሜኦ ዩኒቨርሲቲ ጋር እ.ኤ.አ. በ1986 በጀመረው የቡታጅራ ገጠር ጤና ፕሮግራም በተመረጡ ቀበሌዎች ልደትና ሞት ለዓመታት ሲመዘገብ ቆይቷል። እንዲህ ባሉ ቦታዎች የሞት ምክንያት የሚለየው የሟችን ቤተሰብ በመጠየቅ ነው። ይህ ዘዴ ለብዙ በሽታዎች ቢጠቅምም በድንገት ወድቆ የሞተ ሰው አንዩሪዝም ይሁን ሌላ ዓይነት ስትሮክ ወይም የልብ ሕመም እንደገጠመው መለየት አይችልም። በገጠር አንዩሪዝም እንደ ብርቅ በሽታ የሚታይበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ክትትልና መከላከል

ከሆስፒታል የወጣ ሕመምተኛ የደም ግፊት መድኃኒቱን በየቀኑ መውሰድ፣ ሲጋራ ማቆምና በቀጠሮው መገኘት አለበት። ግፊትን መለካትና መድኃኒት መውሰድ በአካባቢው ጤና ጣቢያ የሚቻል ስለሆነ ለዚህ ብቻ ወደ አዲስ አበባ መመላለስ አያስፈልግም። ጎኑ የደከመ ሰው ፊዚዮቴራፒ ቶሎ መጀመሩ ይጠቅመዋል። ከአንድ ቤተሰብ ሁለትና ከዚያ በላይ ወላጆች፣ ወንድሞች፣ እህቶች ወይም ልጆች አንዩሪዝም ካለባቸው ሌሎቹ በምስል እንዲመረመሩ ይመከራል።

እ.ኤ.አ. በ2015 በኢትዮጵያ በተካሄደ አገር አቀፍ ጥናት ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 69 ከሆኑ ሰዎች 16 በመቶ ገደማ የሚሆኑት ከፍተኛ የደም ግፊት ነበራቸው፤ አብዛኞቹም ግፊታቸውን ተለክተው አያውቁም ነበር። በጉራጌ አካባቢ በስፋት የሚመረተውና የሚቃመው ጫት በውስጡ ያለው ካቲኖን የልብ ምትንና የደም ግፊትን ስለሚጨምር፣ ግፊት ያለበት ሰው ከጫት እንዲርቅ ይመከራል። ግፊትን መለካት ያልፈነዳ አንዩሪዝም መኖሩን አይነግርም። ሆኖም ግፊትን መቆጣጠርና ሲጋራን መተው የመፈንዳትን ዕድል የሚቀንሱ፣ ቀዶ ሕክምና በሌለበት ከተማም ሊደረጉ የሚችሉ ሁለት ዋና እርምጃዎች ናቸው።